በትሬይለር ወደ ግሬት ሳንድ ዱንስ፦ ፒኞን ፍላትስ ለቤተሰብ ይመቻል?

ፍርዱን ከመጀመሪያው እንናገር። ኮሎራዶ ውስጥ በግሬት ሳንድ ዱንስ ብሔራዊ ፓርክ ያለው ፒኞን ፍላትስ የካምፕ ቦታ አነስ ያለ ትሬይለር ላለውና ውሃውንም መብራቱንም ራሱ ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከሚከፈልበት በላይ ይሰጣል። ትልቅ ትሬይለር ጎትቶ፣ ገመዱን ሰክቶ፣ ኤሲ ከፍቶ መቀመጥ የሚፈልግ ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ። እዚህ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም። ከትሬይለሩ ጋር የሚገጠም የውሃ መስመርም ሆነ የፍሳሽ ቱቦ በየማረፊያው የለም። ሻወርም የለም። ያለው በውሃ የሚሠራ የጋራ ሽንት ቤት፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ፣ ጠረጴዛ፣ የእሳት ማንደጃና ምግብ ከድብ የሚሸሸግበት የብረት ሣጥን ነው። የቀረው አሸዋ፣ ጅረትና ሰማይ ነው።

የአሸዋ ክምሮቹ በሰሜን አሜሪካ በቁመት ተወዳዳሪ የላቸውም። ስታር ዱን የተባለው ከግርጌው እስከ አናቱ 741 ጫማ፣ ማለትም 226 ሜትር ነው። ዋናው የአሸዋ ክምር 30 ስኩዌር ማይል ያህል ይሸፍናል። ለተጓዥ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ግን የቦታው ከፍታ ነው፤ የጎብኚዎች ማዕከሉ 8,200 ጫማ፣ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ከአዲስ አበባ ከፍ ይላል። «በረሃ» ሲባል አፋርን እያሰበ ቲሸርት ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው በሜይ ሌሊት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ጄኔሬተሩ ጉልበት የሚያጣው፣ ፍሪጁ የሚያስቸግረው፣ ምስሩ አልበስል የሚለው፣ ከቴክሳስ የመጣ እንግዳ ራሱን የሚያመው ሁሉ በዚሁ ከፍታ የተነሳ ነው።

ካምፑ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ክፍት ነው። 88 ማረፊያዎች አሉት፤ የሚያዙትም ሪክሬሽን ዶት ጎቭ (recreation.gov) በተባለው ድረ ገጽ በኩል እስከ 6 ወር ቀድሞ ነው። የሌሊት ክፍያው ለዓመታት 20 ዶላር ሆኖ ቆይቷል፤ ከመያዛችሁ በፊት ገጹ ላይ አረጋግጡ። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው፤ ለአንድ መኪና 25 ዶላር ሆኖ ለ7 ቀን ያገለግላል። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዕድሜያቸው 62 የሞላና ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ የሲኒየር ፓስ ማውጣት ይችላሉ። ፓሱ መኪናውን ከነተሳፋሪው በነጻ ያስገባል፣ የካምፑንም ክፍያ በግማሽ ይቀንሳል። የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር፣ የዓመቱ 20 ዶላር ነው። 4ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ካላችሁም ለሱ የሚሰጠው ነጻ ፓስ መኪናውን ያስገባል፤ የካምፑን ግን አይሸፍንም።

ማረፊያ ስትመርጡ የትሬይለሩን ርዝመት ከሻጩ ወረቀት አትውሰዱ። «20 ጫማ» ተብሎ የሚሸጥ ትሬይለር ብዙ ጊዜ የሚለካው ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ከፊት የሚወጣው የመጎተቻ ብረትና ከኋላ ያለው ባምፐር ሲጨመሩ 24 ጫማ ይሆናል። ሜትር ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩና እያንዳንዱ ማረፊያ ሥር ከተጻፈው ርዝመት ጋር አስተያዩ፤ መኪናው ከጎን የሚቆምበት ቦታ ከሌለ የሱንም ርዝመት ደምሩ። ከ16 እስከ 22 ጫማ ያለ ትሬይለር ብዙ ቦታ ይገባል። ከ28 በላይ ከሆነ ምርጫው ይጠባል፣ ሹፌሩም ያልበዋል። ቦታው ስሙን ያገኘው ከፒኞን ጥዶች ነው። ጥዶቹ ቅርንጫፋቸው ዝቅ ያለና ደረቅ ስለሆነ ቀለም ይጭራሉ፣ ከጎን የተጠቀለለውንም የጥላ ሸራ ይቀድዳሉ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ በብርሃን ድረሱ። አንድ ሰው ወርዶ ከኋላ በሾፌሩ በኩል ይቁም፤ ሾፌሩ በመስታወት ካላየው መኪናው መቆም እንዳለበት አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማረፊያው ተዳፋት ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ 8 የፕላስቲክ ማስተካከያ ጡቦችና 4 ታኮ ያስፈልጋሉ። ታኮው ከሁለቱም በኩል ካልገባ መኪናው ሲላቀቅ ትሬይለሩ ይንቀሳቀሳል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ በጎን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ታኮ፣ ከዚያ መላቀቅ፣ በመጨረሻ በፊት ክሪኩ ከፊት ወደ ኋላ ማስተካከል ነው። ይህን የሚያዛባ ሰው ሁሉንም እንደገና ይሠራል።

መቼ ይሄዳል? ልጆች ካሉ መልሱ ሜዳኖ ክሪክ ነው። ከተራራው በረዶ ሲቀልጥ የሚወርደው ይህ ጅረት በክምሮቹ ግርጌ ሰፍቶና ሳስቶ ይፈሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላውም በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ በውሃው ኃይል ግድብ ግድብ ይሠራና ይናዳል። ሲናድ ማዕበል ይለቃል፤ በየ20 ሰከንዱ ገደማ አንዱ ተከትሎ ሌላው ይመጣል፣ በሞላባቸው ዓመታትም እስከ አንድ ጫማ ቁመት ይደርሳል። ልጆች ባሕር ዳርቻ ያሉ ይመስላቸዋል። ችግሩ ይህን የሚያውቀው ሕዝብ ብዛት ነው። በነዚያ ሳምንታት ቅዳሜና እሁድ መግቢያው ላይ ረጅም ሰልፍ ይሠራል፣ የክምሮቹ የመኪና ማቆሚያም ይሞላል። የካምፑ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ያን ጊዜ ነው፤ ከማረፊያችሁ በእግር ወርዳችሁ ጅረቱ ጋ ትደርሳላችሁ፣ መኪና ማንቀሳቀስ የለም። ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ ለዚህ ብቻ ይከፈልበታል።

ከጁን አጋማሽ ጀምሮ ቢምቢ ይነሳል። ጁላይና ኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ። ጅረቱም በበጋው መጨረሻ ብዙ ጊዜ ይደርቃል። አፕሪልና ሜይ ደግሞ ነፋስ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ውሃውን ካልፈለጋችሁ ሴፕቴምበር ከሁሉም ይሻላል፦ ቢምቢ የለም፣ ሕዝቡ ቀንሷል፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። ፓርኩ በ2019 የጨለማ ሰማይ ፓርክነት ማረጋገጫ ያገኘ ስለሆነ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት መምረጥ ያዋጣል።

ከዴንቨርና ከአውሮራ ለሚነሱ መንገዱ ወደ 240 ማይል ነው። ያለ ትሬይለር 4 ሰዓት፣ ከትሬይለር ጋር 5 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያዙ። በ25 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ እስከ ዋልሰንበርግ፣ ከዚያ በ160 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ፣ ላ ቬታ ፓስ የተባለውን የተራራ መሸጋገሪያ አልፎ በ150 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን 16 ማይል ያህል ነው። ላ ቬታ ፓስ 9,413 ጫማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ መሸጋገሪያው ላይ ሲደርስ ከሩብ በላዩ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ «መኪናዬ 5,000 ፓውንድ ይጎትታል» የሚለው የካታሎግ ቃል እዚህ አይሠራም። ከተባለው ከ70 እስከ 75 በመቶ ላይ ብትቆሙ ይበጃል፤ ክብደቱም ሙሉ ውሃ፣ ጋዝ፣ ምግብና ልጆች ተጨምረው የሚመዘን ነው። ቁልቁለቱን ፍሬን ላይ ቆሞ መውረድ ፍሬኑን ያቃጥላል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑን ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ። የትሬይለሩ ፍሬን መቆጣጠሪያ የሌለው መኪና በዚህ መንገድ ላይ ባይወጣ ይሻላል።

ሌላው ጉዳይ የጎን ነፋስ ነው። ከዋልሰንበርግ በኋላና በ150 ላይ ሜዳው ገላጣ ነው። ትሬይለር ከኋላ መወዛወዝ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ፊቱ ሲቀል ነው፤ መጎተቻው ቦል ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። የውሃ ጄሪካኖችን፣ ኩለሩንና የከሰል ከረጢቱን ከኋላ አልጋ ሥር ማጨቅ ይህን ሚዛን ያፋልሳል። ከባዱ ዕቃ አክስሉ ላይና ትንሽ ፊት ለፊቱ፣ ወለል ላይ ይቀመጥ። ከተወዛወዘባችሁ የእግር ፍሬን አትርገጡ፤ ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የትሬይለሩን ፍሬን ብቻ በእጅ ጫን አድርጉ።

ያገለገለ ትሬይለር የገዛ ወይም የተከራየ ሰው ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ብሎ የሚጀምረውን ኮድ የመጨረሻ 4 አኃዞች ያንብብ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ምንም ያህል ደህና ቢመስል ከ6 ዓመት ያለፈው የትሬይለር ጎማ በሙቀትና በጭነት ይፈነዳል። ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነፋሱ ተለክቶ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ይሞላ። የጎማ ብሎኖች ጎማ ከተፈታ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ስለሚላሉ እንደገና በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ። ስኮርታው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ክሪኩ ትሬይለሩን ማንሳት መቻሉንም ፈትሹ፤ የመኪናው ክሪክ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ነዳጅና ገበያ ዋልሰንበርግ ላይ ጨርሱ፤ ትልልቅ መደብሮች ያሉባት አላሞሳ ከመታጠፊያው አልፋ በስተምዕራብ ነው ያለችው።

አሁን ወደ ውሃው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ታንኩ ምን ያህል እንደሚይዝ እንጂ ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚያወጣ ስለማያሰላ ነው። አምስት ሰው ለሦስት ሌሊት ብለን እንቁጠር። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው 1 ጋሎን ቢባል 15 ጋሎን ነው። ዕቃ ማጠቢያ በቀን 3 ጋሎን፣ ጠቅላላ 9። እጅና ፊት 8። ሽንት ቤት በሌሊት ብቻ የትሬይለሩን፣ በቀን የካምፑን ብትጠቀሙ 4። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ፣ ውሃው እየተዘጋና እየተከፈተ የሚወሰድ የ2 ጋሎን ሻወር 10። ድምሩ 46 ጋሎን፣ ማለትም 175 ሊትር ገደማ ነው። የመካከለኛ ትሬይለር ታንክ 30 ጋሎን ስለሚይዝ ቀሪው በ5 ጋሎን ጄሪካኖች ይሞላል። የመጠጡን ከታንኩ ባትቀዱ ይመረጣል፤ ጄሪካኑ ለመጠጥ ብቻ ይሁን።

ሆኖም ታንኩን ቤት ሞልቶ መሸጋገሪያውን መውጣት አያስፈልግም። 30 ጋሎን ውሃ 250 ፓውንድ ይመዝናል። ሲሶውን ይዛችሁ ሂዱና የቀረውን እዚያ ሙሉ። በአፕሪልና በኦክቶበር ግን ብርድ ስላለ የመሙያው ቧንቧና የፍሳሽ መልቀቂያው ሊዘጉ ይችላሉ፤ በነዚያ ወራት ከመነሳታችሁ በፊት ፓርኩን ጠይቁ፣ ካልሆነ ሞልታችሁ ውጡ።

የሚሞላው ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ይቆጠራል። ከላይ ካሰላነው ውስጥ 27 ጋሎኑ ወደ እጣቢው ታንክ ይገባል። ታንኩ 30 የሚይዝ ከሆነ ዳር ደርሷል፤ ዕቃ በሳፋ ካልታጠበና ቅባቱ በወረቀት ካልተጠረገ በሦስተኛው ቀን በሻወሩ ቀዳዳ ተመልሶ ይመጣል። የሳፋውን እጣቢ መሬት ላይ መድፋት ክልክል ነው፤ በካምፑ የተመደበ መድፊያ አለ። ወጥ ያለበት ድስት ደግሞ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ቧንቧው ውስጥ ስለሚረጋ በሙቅ ውሃ ማሟሟት አያድነውም፤ መጥረግ ብቻ ነው መፍትሔው።

መብራት ከውሃ ይልቅ ያሳፍራል፤ የሚያልቀው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነውና (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌሎቹ ሰዓቶች በአሜሪካ ናቸው)። የትሬይለሩ ማሞቂያ በጋዝ ቢሠራም አየሩን የሚነፋው ሞተር የሚሠራው በባትሪ ነው፣ 7 አምፒር ተኩል ያህል ይበላል። በሜይ ሌሊት ሙቀቱ ወደ መቀዝቀዣው ነጥብ ሲወርድ ማሞቂያው እየበራና እየጠፋ በድምሩ 3 ሰዓት ይሠራል፤ 22 አምፒር ሰዓት (የባትሪ ይዘት መለኪያ) ሄደ። የፍሪጁ መቆጣጠሪያና የጋዝ ጠቋሚው በ24 ሰዓት 19 ያህል ይወስዳሉ። አምፖል፣ ፓምፕና ስልክ 8 ቢሉ በቀን 49 አምፒር ሰዓት ነው። ከትሬይለር ጋር የሚመጣው ተራ የሊድ ባትሪ 80 ተብሎ ቢጻፍበት ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ 40ውን ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት እንኳ በቅጡ አይዘልቅም። ማሞቂያው የሚጠፋው ጋዝ ስላለቀ የሚመስለው ሰው ሲሊንደሩን ይቀይራል፤ ችግሩ ግን እዚያ አይደለም።

መድኃኒቱ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪና 200 ዋት ሶላር ነው። ከፍታው ላይ ፀሐዩ ጠንካራ ስለሆነ በጠራ ቀን ወደ 60 አምፒር ሰዓት ይመልሳል፣ ይህም የቀኑን ወጪ ይሸፍናል። ፓኔሉ በገመድ ወጣ ብሎ መሬት ላይ የሚቀመጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥዱ ጣሪያውን ያጠላዋል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ራሱን የሚያሞቅ ካልሆነ ከትሬይለሩ ውስጥ ይቀመጥ። የትሬይለሩ ቻርጀርም ለሊቲየም የተስተካከለ መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

ጄኔሬተርስ? 2,000 ዋት የሚለው እዚያ ከፍታ ላይ 1,450 አካባቢ ይሰጣል። ባትሪ ለመሙላት ከበቂ በላይ ነው። 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ ማስነሳት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይችልም። የሚፈቀድበት ሰዓት የተወሰነ ነው፣ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። ከዚህም በላይ ጎረቤት ሊሰማ የመጣው ጸጥታን ነው፤ ሶላር ያለው ሰው ባይዘው ይሻላል።

በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ከ5,500 ጫማ በላይ እሳቱ ሊዳከም ወይም ሊጠፋ ይችላል። ቤት በኤሌክትሪክ 12 ሰዓት ያህል ቀድሞ ይቀዝቅዝ፣ የሚገባበትም ምግብ የቀዘቀዘ ይሁን። ሥጋውን በኩለር ከበረዶ ጋር ለብቻው መያዝ የበለጠ ያስተማምናል።

ምግብ ላይ ሐበሻ ቤተሰብ ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው፣ ካወቀበት። ውሃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ያበሰለች እናት አትደነቅም፣ ዲሲ የለመደች ግን ምስሩ ለምን እንደጠነከረባት ግራ ይገባታል። ወጡ ቤት ተሠርቶ፣ በየራት መጠን ተከፋፍሎ፣ በረዶ ሆኖ ይምጣ፤ በረዶነቱ ኩለሩንም ያቀዘቅዛል። እዚያ የሚሠራው ሽሮ ይሁን፦ አንድ ድስት፣ ትንሽ ውሃ፣ 20 ደቂቃ። የእንጀራ ጠላት ሙቀት ሳይሆን ደረቁ አየር ነው። በዓመት 11 ኢንች ያህል ብቻ በሚዘንብበት ሸለቆ ውስጥ መሶብ ላይ የተዘረጋ እንጀራ በሩብ ሰዓት ጠርዙ ይሰነጠቃል። በ5 በ5 በፕላስቲክ ታሽጎ፣ የሚበላው ብቻ እየወጣ፣ ትሪውም በጨርቅ ተሸፍኖ ይቅረብ።

ቡና ትሬይለር ውስጥ መቁላት የጭስ ማንቂያውን ያስጮኻል፤ ማንቂያውን ነቅሎ መቁላት ደግሞ ከቡናው በላይ አደገኛ ነው። በጋዝ ምድጃ ውጭ፣ ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፊት ነፋሱ ሳይነሳ ይቆላ። የጀበናው ምድጃ በሦስት በኩል የሚከለል የብረት ነፋስ መከላከያ ያስፈልገዋል። ከሰልና ዕጣን ከማቀጣጠላችሁ በፊት የእሳት እገዳ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፤ በደረቅ ወራት እገዳ ሲጣል እሳቱ በቁልፍ የሚጠፋ የጋዝ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፣ ከሰል ግን ሊከለከል ይችላል። ትሬይለሩን በከሰል ማሞቅ በፍጹም አይታሰብ፤ ይገድላል። በርበሬው፣ ቅቤው፣ የጥርስ ሳሙናው፣ የሕፃኑ ሎሽን ሳይቀር ሽታ ስላላቸው ማታ ጠረጴዛ ላይ አይቀሩም። ድቡ ሽታውን ይከተላል።

አሸዋው ራሱ የሰዓት ጉዳይ ነው። በበጋ ቀትር የአሸዋው ወለል 150 ፋራናይት፣ 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሰንደል ጫማ አያድንም፤ አሸዋው ከላይ ገብቶ ያቃጥላል። ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፊትና ከ5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ የተዘጋ ጫማና ካልሲ አድርጉ። መካከለኛውን ሰዓት ለጥላ፣ ለምሳና ለቡና ተዉት። ሃይ ዱን የሚባለው የፊተኛው ጫፍ ደርሶ መልስ ሁለት ማይል ተኩል ያህል ነው። የተሠራ መንገድ የለውም፤ ሁለት እርምጃ ወጥቶ አንድ እየተንሸራተቱ ለተለመደ ሰው 2 ሰዓት ይወስዳል። ሸንተረር ሸንተረሩን መያዝ ፊት ለፊት ከመውጣት ይቀላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ጫፉ ጋ ለመድረስ መቸኮል ሳይሆን መውረድ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ።

የአሸዋ ሸርተቴ በፓርኩ ውስጥ አይከራይም። አላሞሳ ወይም ከመግቢያው ውጭ ያለው መደብር ላይ ወቅቱን ጠብቆ ይገኛል፤ ሳትገቡ ያዙት። የበረዶ ሸርተቴና ካርቶን ደረቅ አሸዋ ላይ አይንቀሳቀሱም፣ ስለዚህ ከቤት አትሸከሙ። ለአሸዋ የተሠራው ሰሌዳ ግን ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ በየመንሸራተቻው ሰም ይቀባል፤ ሰሙ ካለቀ ይቆማል። ለልጆች የሚሆነው ቁልቁለት ከመኪና ማቆሚያው ሦስት አራተኛ ማይል ያህል ገባ ይላል። ተቀምጠው ይውረዱ፤ ግርጌው ላይ ሰው ወይም ውሃ አለመኖሩን አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ይይ።

በእግራቸው መሄድ ለሚከብዳቸው ወላጆች የጎብኚዎች ማዕከሉ ሰፋፊ ጎማ ያለው የአሸዋ ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳል፤ ቀድሞ ደውሎ ማስያዝ ነው። ለዚህ አገልግሎት ሙሉ ነጥብ እንሰጣለን።

ትሬይለር ውስጥ የሚገባው አሸዋ ግን የጉዞውን ግማሽ ድካም ይይዛል። ከበሩ ፊት ቀዳዳ ያለው ምንጣፍ፣ ከሱ ቀጥሎ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከዚያ የጫማ ሳጥን ይቀመጥ። ደረቅ እግር ላይ የበቆሎ ዱቄት ነስነስ አድርጎ ማሸት አሸዋውን ያለ ውሃ ያራግፈዋል። ልብስ ውጭ ይራገፍ፤ ሻወር ውስጥ የታጠበ አሸዋ ቧንቧው መታጠፊያ ላይና ታንኩ ግርጌ ተቀምጦ የመጠን ጠቋሚውን ያሳስተዋል። ተንሸራታች ክፍል ያለው ትሬይለር ከሆነ ከመግባቱ በፊት ጣሪያው፣ ሐዲዱና የጎማ መዝጊያው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጉ፤ አሸዋ በመሃል ተይዞ ከገባ መዝጊያውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የጥላውን ሸራ ደግሞ ከማረፊያው ስትርቁ ሁሉ ጠቅልሉት፤ የከሰዓቱ ነፋስ ክንዱን ለማጠፍ አንድ ግፊት ይበቃዋል።

ሜዳኖ ፓስ የተባለው የአሸዋ መንገድ የብዙ ወንዶችን ልብ ይሰርቃል። ትሬይለር ይዞ አይታሰብም። ባለ አራት ጎማ ኃይልና ከፍ ያለ መኪና ያለው ብቻ ትሬይለሩን ካምፑ አቁሞ ይሞክር፤ ጎማውን ወደ 20 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ መለኪያ)፣ አሸዋው ከለሰለሰም እስከ 15 አውርዶ፣ ሲመለስ ሞልቶ። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ መመለሻ የሌለው ነጥብ የሚባል ማቆሚያ አለ፤ የመኪናው ጎማ እዚያ ቀድሞ ከተቀበረ ስሙን በደንብ ሰምታችኋል ማለት ነው። በክምሮቹ ላይ ሞተር መንዳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ኳድ ባይክ የሚጭኑ ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ ይመጣሉ።

ካምፑ ሞልቶ ከሆነ ከመግቢያው ውጭ በወቅቱ የሚሠራ የግል ካምፕ አለ፤ መሰኪያና ሻወር ለሚፈልግ የተሻለ ነው፣ የሚቀረው ከጅረቱ መራቁ ነው። የዛፓታ ፏፏቴ ካምፕ እይታው ያምራል፤ ነገር ግን ወደ ሦስት ማይል ተኩል የሚሆን ድንጋያማ አቀበት ስላለውና ውሃ ስለሌለው ትሬይለር ለያዘ አንመክረውም።

ነጥብ ይሰጥ ከተባለ ለቦታው 10 ከ10፣ ለካምፑ አገልግሎት 6፣ ለትልቅ ትሬይለር 4 ነው።

ስትወጡ ከካምፑ መልቀቂያ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ታንክ፣ ቀጥሎ የእጣቢው ይለቀቅ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል። እሁድ ከ10 ሰዓት በኋላ ሰልፍ ስለሚኖር ቁርስ ሳይበላ ቀድሞ ይሄዳል። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት መብራቶቹን፣ ሰንሰለቱን፣ የድንገተኛ ፍሬኑን ሽቦና የደረጃውን መታጠፍ አንድ ሰው ይመልከት፣ ሌላው ደግሞ ይድገመው። ቤት ስትደርሱ የባትሪውን ማጥፊያ ዝጉ፤ የጋዝ ጠቋሚው ብቻውን በጥቂት ሳምንት ባትሪውን ያደርቀዋል።